የዳታቤዝ ግንኙነት ገደብ

የዳታቤዝ ግንኙነት ገደብ አንድ የዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) ሰርቨር በአንድ ጊዜ ክፍት አድርጎ ሊይዛቸው የሚችላቸው ግንኙነቶች ከፍተኛ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሲሞላ ሰርቨሩ ሥራውን አያቋርጥም፤ ቀድመው የገቡትን ማስተናገዱን ይቀጥላል፣ አዲስ መጪውን ግን በስህተት መልእክት ይመልሳል። ስለዚህ አንዱ ተጠቃሚ ያለ ችግር እየሠራ ሳለ በዚያው ደቂቃ ሌላው ጨርሶ መግባት ሊያቅተው ይችላል።

ገደቡን ማስተዳደር ቁጥሩን ከፍና ዝቅ ማድረግ ብቻ አይደለም። ግንኙነቶቹን ማን እንደያዛቸው ማወቅን፣ ሥራ ፈት የሆኑትን መዝጋትን፣ ጥቂት ግንኙነቶችን ለብዙ ተጠቃሚዎች በጋራ ማከፋፈልንና ለአስተዳዳሪው መግቢያ ማስቀረትን ያጠቃልላል። ጉዳዩ ባንክን፣ የዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራርንና ከመርሳ ወይም ከወልድያ ጤና ጣቢያ ወደ ማዕከል የሚላክ ወርሃዊ ሪፖርትን ሁሉ ይመለከታል።

ግንኙነት ምንድን ነው?

አንድ ፕሮግራም ከዳታቤዝ መረጃ ከመጠየቁ በፊት ከሰርቨሩ ጋር መስመር መክፈት አለበት። መስመሩ ሲከፈት ሰርቨሩ የተጠቃሚውን ስምና የይለፍ ቃል ያረጋግጣል፣ ለግንኙነቱ የራሱ የሆነ ማኅደረ ትውስታ ይመድባል፣ እስኪዘጋም ድረስ ይጠብቀዋል። ግንኙነቱ ጥያቄ ባይልክም እንኳ ክፍት እስከሆነ ድረስ ከገደቡ ውስጥ አንድ ቦታ ይዟል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። «ተጠቃሚ» እና «ግንኙነት» አንድ አይደሉም። በድረ ገጽ በኩል የሚሠራ ሰው በቀጥታ የሚገናኘው ከመተግበሪያው ሰርቨር ጋር ነው፤ ከዳታቤዙ ጋር የሚነጋገረው መተግበሪያው ነው። በአንጻሩ በአንድ መሥሪያ ቤት የውስጥ ኔትወርክ ላይ በየኮምፒውተሩ የተጫነ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ከዳታቤዙ ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ፣ ሃምሳ ኮምፒውተር ሲከፈት ቢያንስ ሃምሳ ግንኙነት ይያዛል።

ገደብ ለምን ያስፈልጋል?

እያንዳንዱ ግንኙነት ዋጋ አለው። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ለእያንዳንዱ ግንኙነት አንድ ራሱን የቻለ ፕሮሴስ ይፈጥራል፤ ማይኤስኪውኤል ደግሞ በመደበኛ አሠራሩ በአንድ ፕሮሴስ ውስጥ አንድ ትሬድ ይመድባል። በሁለቱም ዘንድ የግንኙነቱ ቁጥር ሲበዛ የሚፈለገው ማኅደረ ትውስታ ይጨምራል፣ ፕሮሰሰሩም ከአንዱ ወደ ሌላው በመዘዋወር ጊዜውን ያባክናል።

ለምሳሌ በፖስትግሬስ አንድ መረጃን በቅደም ተከተል የማስቀመጥ ሥራ 64 ሜጋባይት እንዲጠቀም ቢፈቀድለትና 200 ግንኙነቶች በአንድ ጊዜ ይህንኑ ቢሠሩ፣ ለዚህ ብቻ 12.8 ጊጋባይት ያስፈልጋል። 8 ጊጋባይት ያለው ሰርቨር ይህን መሸከም አይችልም። ማኅደረ ትውስታው ሲያልቅ የኮምፒውተሩ ስርዓተ ክወና ፕሮሴሶችን መግደል ስለሚጀምር፣ አዲስ መጪዎች ብቻ ሳይሆኑ በሥራ ላይ የነበሩትም ሁሉ ይቋረጣሉ። ገደቡ ይህን ለመከላከል የተቀመጠ አጥር ነው፤ ጥቂቱን በር ላይ መመለስ ሁሉንም ከማጣት ይሻላል።

የታወቁ ሰርቨሮች መነሻ ቁጥሮች

አስተዳዳሪው ካልቀየራቸው በስተቀር ሰርቨሮች ከተወሰነ ቁጥር ይነሳሉ።

• ፖስትግሬስ፦ 100 ግንኙነት። ከነዚህ 3ቱ ለዋና አስተዳዳሪው የተቀመጡ ስለሆኑ ለተራ ተጠቃሚ የሚቀሩት 97 ናቸው። ቁጥሩን ለመቀየር ሰርቨሩ ተዘግቶ እንደገና መነሳት አለበት።
• ማይኤስኪውኤል፦ 151 ግንኙነት፤ ለአስተዳዳሪ አንድ ተጨማሪ ቦታ አለው። ቁጥሩ ሰርቨሩ ሳይዘጋ ሊቀየር ይችላል። ሲሞላ የሚታየው የስህተት ቁጥር 1040 ነው።
• የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር፦ ከፍተኛው ቁጥር 32,767 ነው። በተግባር ግን ከዚህ አስቀድሞ የሚያልቀው ማኅደረ ትውስታው ነው።

ከጠቅላላው ገደብ ሌላ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ወይም ለእያንዳንዱ ዳታቤዝ የተለየ ገደብ ማውጣት ይቻላል። በአንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ፕሮግራሞች በሚሠሩበት ጊዜ ይህ ጠቃሚ ነው፤ አንዱ ቢበላሽ የሌሎቹን ድርሻ አይወስድም።

ግንኙነቶች የሚያልቁባቸው ምክንያቶች

ያልተዘጋ ግንኙነት። ፕሮግራሙ ግንኙነት ከፍቶ ሥራውን ሲጨርስ ካልዘጋው፣ በተለይ መሃል ላይ ስህተት ሲያጋጥመው መዝጊያውን ሳይደርስ ከወጣ፣ ቦታው እንደተያዘ ይቀራል። ጉድለቱ ጠዋት አይታይም፤ ጥቂት በጥቂት ተጠራቅሞ ከሰዓት በኋላ ገደቡን ይሞላል።

የዘገየ ጥያቄ። በመደበኛ ጊዜ በሰከንድ ክፋይ የሚያልቅ ጥያቄ ኢንዴክስ በማጣቱ ብዙ ሰከንድ ከፈጀ፣ ግንኙነቶቹ ቶሎ ስለማይለቀቁ ይከማቻሉ።

ተጀምሮ ያልተጠናቀቀ ትራንዛክሽን። አንድ ፕሮግራም ትራንዛክሽን ከፍቶ ዝም ካለ ግንኙነቱን ብቻ ሳይሆን የነካቸውን መዝገቦች ጭምር ቆልፎ ይይዛል። እነዚያን መዝገቦች የሚፈልጉ ሌሎች ግንኙነቶች ከኋላው ይሰለፋሉ። በዚህ ጊዜ መቶ ግንኙነት የተያዘው በአንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

በድንገት የጠፋ ደንበኛ። በሁለት ከተሞች የሚሠራ ተቋም እናስብ፦ ሰርቨሩ ወልድያ፣ ጸሐፊዎቹ መርሳ። መርሳ ላይ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሮቹ «ጨርሻለሁ» የሚል መልእክት ሳይልኩ ይዘጋሉ። ወልድያ ያለው ሰርቨር ደንበኛው ዝም ያለ እንጂ የሄደ መሆኑን አያውቅም። የሊኑክስ ስርዓት ዝም ያለን መስመር በሕይወት መኖሩን መፈተሽ የሚጀምረው፣ ካልተቀየረ በስተቀር፣ ከ7,200 ሰከንድ ማለትም ከ2 ሰዓት በኋላ ነው። ማይኤስኪውኤልም ሥራ ፈት ግንኙነትን በራሱ የሚዘጋው በመነሻ ቅንብሩ ከ28,800 ሰከንድ ወይም ከ8 ሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ መብራት በሁለት ሰዓት ውስጥ አራት ጊዜ ሄዶ ቢመጣና ሃያ ኮምፒውተሮች በእያንዳንዱ ጊዜ አዲስ ግንኙነት ቢከፍቱ፣ ሰማንያ የሞቱ ግንኙነቶች ከሃያ ሕያዋን ጋር ተደምረው መቶ ይሞላሉ። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ እነዚህን የጥበቃ ጊዜዎች ወደ ጥቂት ደቂቃዎች ማሳጠር ቀላሉና ወጪ የሌለው መፍትሔ ነው።

የሚያስፈልገውን ቁጥር ማስላት

ለስሌቱ የሚያገለግለው የሊትል ሕግ ነው። ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 ማረጋገጫውን ያሳተመው ይህ ሕግ፣ በአንድ አገልግሎት ውስጥ በአማካይ የሚገኙ ተስተናጋጆች ቁጥር በሰከንድ የሚመጡት ቁጥር አንዱ ከሚቆይበት ጊዜ ጋር ሲባዛ የሚገኘው ነው ይላል።

የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚወጣበትን ቀን እንውሰድ። ፈተናው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ ከ890 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተፈትነዋል። ለስሌት እንዲመች በመጀመሪያው አንድ ሰዓት 900 ሺህ ጥያቄዎች ይመጣሉ እንበል፤ ይህም በሰከንድ 250 ነው። በመለያ ቁጥር የሚፈለግ አንድ ውጤት በ0.02 ሰከንድ ከተገኘ በአማካይ የሚያዙት ግንኙነቶች 250 × 0.02 = 5 ብቻ ናቸው። ለመለያ ቁጥሩ ኢንዴክስ ካልተሠራለትና ፍለጋው 2 ሰከንድ ከፈጀ ግን 250 × 2 = 500 ይሆናሉ። የተማሪው ቁጥር በሁለቱም ስሌት አንድ ነው፤ የተለየው አንዱ የሚቆይበት ጊዜ ነው። በመሆኑም ብዙ ጊዜ ገደቡን ከማሳደግ ይልቅ የዘገየውን ጥያቄ ማፍጠን ይቀድማል። አምስቱ አማካይ ቁጥር ስለሆነ ግን ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ ግር ብለው ለሚመጡበት ቅጽበት ትርፍ ቦታ መተው ተገቢ ነው።

የግንኙነት ፑል

የግንኙነት ፑል አስቀድመው የተከፈቱ ጥቂት ግንኙነቶችን ይዞ ለጠየቀው ሁሉ በየተራ የሚያውስ ክፍል ነው። በመናኸሪያ ተራ አስከባሪ እንደሚያደርገው፣ ወረፋውን ከበሩ ውጭ ይይዛል፤ አንዱ ቦታ ሲለቀቅ ቀጣዩን ያስገባል። ፑል በሌለበት አዲስ መጪው ወዲያው ስህተት ይደርሰዋል፤ ፑል ሲኖር ጥቂት ጠብቆ ይስተናገዳል።

ፑል በሁለት ቦታ ሊቀመጥ ይችላል። የመጀመሪያው በመተግበሪያው ውስጥ ነው፤ በጃቫ የሚሠሩ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ሂካሪሲፒ መነሻ መጠኑ 10 ግንኙነት ሲሆን፣ ወረፋ የያዘ ጥያቄ በ30 ሰከንድ ውስጥ ቦታ ካላገኘ ስህተት ይመልሳል። ሁለተኛው በመተግበሪያውና በዳታቤዙ መካከል ነው፤ ለፖስትግሬስ የተሠራውና በስካይፕ ኩባንያ የተጀመረው ፒጂባውንሰር ለዚህ ይጠቀሳል። ፒጂባውንሰር ግንኙነቱን ደንበኛው እስኪወጣ ድረስ ሊሰጠው ወይም ለአንድ ትራንዛክሽን ብቻ ሊያውሰው ይችላል። ሁለተኛው መንገድ በጣም ቆጣቢ ነው፤ ሆኖም ቀጣዩ ትራንዛክሽን በሌላ ግንኙነት ሊሄድ ስለሚችል፣ ጊዜያዊ ሠንጠረዥን የመሳሰሉ በአንድ ግንኙነት ላይ ተንጠልጥለው የሚኖሩ ነገሮች እንደተለመደው አይሠሩም።

ለፑል መጠን መነሻ የሚሆነው የታወቀ ቀመር የፕሮሰሰር ኮሮችን በ2 አባዝቶ የዲስኮቹን ቁጥር መደመር ነው። 8 ኮርና 1 ዲስክ ላለው ሰርቨር 17 ይመጣል። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም ስምንት ኮሮች በአንድ ቅጽበት ከስምንት ሥራ በላይ አይሠሩም፤ የቀረው ግንኙነት የሚጠቅመው አንዳንዶቹ ዲስክ ሲጠብቁ ሌሎቹ እንዲሠሩ ነው።

ምሳሌ፦ ከሀብሩ ወረዳ የሚነሳ የጤና ሪፖርት

የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር ወርሃዊ ሪፖርት የሚሰበስበው በዲኤችአይኤስ2 ነው። ይህ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ነጻ ሶፍትዌር በጃቫ የተጻፈ ሲሆን መረጃውን የሚያስቀምጠው በፖስትግሬስ ነው። በኢትዮጵያ ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ ውሏል። መርሳን መቀመጫው ያደረገው የሀብሩ ወረዳ፣ ወልድያን ዋና ከተማው ያደረገው የሰሜን ወሎ ዞንና የአማራ ክልል የዚህ ሰንሰለት ደረጃዎች ናቸው።

የሪፖርቱ ወር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ21 ተነሥቶ በተከታዩ ወር 20 ይዘጋል። ስለዚህ በመላው አገሪቱ ያሉ ጤና ተቋማት መረጃቸውን የሚያስገቡት በተመሳሳይ ጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። በዚህ ጊዜ በሩ የተዘጋበት ጤና ጣቢያ የወባ ሕሙማን ወይም የተከተቡ ሕፃናት ቁጥሩ በወቅቱ አይደርስም፤ መድኃኒትና ክትባት የሚያከፋፍለውም ወገን ያለ እሱ ቁጥር ይወስናል።

በመረጃ ማስገቢያ ቅጹ ላይ ባለሙያው ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው ሲያልፍ የጻፈው ቁጥር ወዲያው ለብቻው ይላካል። እያንዳንዱ ቁጥር ግንኙነት የሚይዘው ለአጭር ጊዜ ስለሆነ በመቶ የሚቆጠሩ ጸሐፊዎች ጥቂት ግንኙነቶች ይበቋቸዋል። ሰፊ ሪፖርትና ሠንጠረዥ የሚያወጣ ሰው ግን አንዱን ግንኙነት ለብዙ ሰከንዶች ይይዛል። ስለዚህ በመጨናነቂያ ቀናት ከባድ ሪፖርቶችን ወደ ምሽት ማዛወር የሰርቨሩን ገደብ ሳይነኩ ለጸሐፊዎቹ ቦታ ያስለቅቃል። ኔትወርክ ሲቋረጥም ቅጹ የገቡትን ቁጥሮች በብሮውዘሩ ውስጥ ይዞ መስመሩ ሲመለስ ይልካቸዋል።

የሶፍትዌሩ የመትከያ መመሪያ በምሳሌነት ለፖስትግሬስ 200 ግንኙነት ያስቀምጣል፤ የአንዱ መተግበሪያ ፑል መነሻ ከፍተኛ መጠን ደግሞ 80 ነው። በአንድ ሰርቨር ላይ ዋናውና የሥልጠናው ሁለት መተግበሪያዎች ቢኖሩ 160 ስለሚሆን ይበቃል። ሦስተኛ ለሙከራ ሲጨመር ድምሩ 240 ይደርስና ከገደቡ ያልፋል። ችግሩ በተጨመረበት ቀን ላይታይ ይችላል፤ የሚታየው ሦስቱም ሲጨናነቁ ነው። የፑሎቹ ድምር ምንጊዜም ከሰርቨሩ ገደብ ያነሰ መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

ገደቡ ሲሞላ

የመጀመሪያው እርምጃ ለአስተዳዳሪው በተቀመጠው ቦታ ገብቶ የግንኙነቶቹን ዝርዝር ማየት ነው። ሁለቱም ታዋቂ ሰርቨሮች ማን፣ ከየት፣ ከመቼ ጀምሮ እና ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አላቸው። ተራ ፕሮግራሞች በአስተዳዳሪው ስም የሚገቡ ከሆነ ግን ያ ቦታም ይያዝና መግቢያ ይጠፋል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ተጠቃሚ መፍጠር ያስፈልጋል።

ቀጥሎ አብዛኞቹ ሥራ ፈት ናቸው ወይስ በሥራ ላይ የሚለው ይታያል። ሥራ ፈት ከሆኑ ጥፋቱ ያልተዘጋ ግንኙነት ወይም ከመጠን ያለፈ ፑል ነው፤ በሥራ ላይ ከሆኑ ዘገምተኛ ጥያቄ ወይም ቁልፍ የያዘ ትራንዛክሽን ይፈለጋል። ጥፋተኛውን መዝጋት የሚገባው በራሱ በዳታቤዙ ትእዛዝ ነው። በፖስትግሬስ የአንዱን ግንኙነት ፕሮሴስ ከስርዓተ ክወናው በኃይል መግደል ሰርቨሩ የሌሎቹንም ግንኙነቶች ሁሉ አቋርጦ እንደገና እንዲነሳ ያደርገዋል።

ቁጥሩን ማሳደግ ተገቢ የሚሆነው ግንኙነቶቹ በእርግጥ ሥራ ላይ ሆነው፣ ጥያቄዎቹም ፈጣን ሆነው፣ ማኅደረ ትውስታና ፕሮሰሰር ገና ሲተርፍ ነው። ከዚያ ውጭ ገደቡን ከፍ ማድረግ መጨናነቁን ከበር ወደ ቤት ውስጥ ያስገባዋል እንጂ አያስወግደውም።