ራግቢ፦ መክሰሯ ያቆያት መንደር

ራግቢ በአሜሪካ ደቡብ፣ በቴነሲ ግዛት ሰሜናዊ ክፍል፣ የከምበርላንድ አምባ በሚባለው በደን የተሸፈነ ከፍተኛ ምድር ላይ የምትገኝ፣ አንድ ጎብኚ ከጧት እስከ ማታ በእግሩ ዞሮ ሊጨርሳት የሚችል ትንሽ መንደር ናት። የአሜሪካ ደቡብ ሲነሣ ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው የጥጥ እርሻ፣ በባሮች ጉልበት የታነጸው ባለ ዓምድ የጌታ ቤትና የእርስ በርስ ጦርነቱ ጠባሳ ቢሆንም፣ ራግቢ የተቆረቆረችው ጦርነቱ ካበቃ ከ15 ዓመት በኋላ፣ ባሕር ተሻግረው በመጡ እንግሊዛውያን ስለሆነ በመልኳም በታሪኳም ከዚህ ሥዕል ትለያለች። ስሟን ያወጡላትም በዚሁ ስም በሚታወቀው የኳስ ጨዋታ ሳይሆን፣ ጨዋታው ራሱ ስሙን ባገኘበት፣ በእንግሊዝ አገር በሚገኘው የራግቢ ትምህርት ቤት ነው።

መሥራቿ ቶማስ ሂዩዝ የሕግ ባለሙያ፣ የቀድሞ የእንግሊዝ ፓርላማ አባልና የዚያው ትምህርት ቤት ተማሪ የነበረ ሲሆን፣ በ1857 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) ያሳተመው፣ ቶም ብራውን ስለተባለ ተማሪ የሚተርክ ልብ ወለድ በእንግሊዝም በአሜሪካም ዝናን አትርፎለታል። ሂዩዝን ያሳሰበው ጉዳይ ብኩርና ነበር፤ በእንግሊዝ ባላባቶች ዘንድ የአባት መሬት ሳይከፈል ለበኩር ልጅ ይተላለፍ ስለነበር፣ ታናናሾቹ በሕግ፣ በሕክምና፣ በክህነት ወይም በጦር መኮንንነት ቦታ ካላገኙ በቀር ሥራ ፈት ሆነው ይቀሩ ነበር፤ ማረስ፣ ማነጽ ወይም መነገድ ለቤተሰባቸው ክብር እንደ ውርደት ይቆጠር ነበርና። ክርስቲያናዊ ሶሻሊዝም የሚባለውን፣ ማለትም የወንጌልን ትምህርት ከሠራተኛው መብትና ከኅብረት ሥራ ጋር ያቆራኘውን አስተሳሰብ የሚከተለው ሂዩዝ፣ መድኃኒቱ እነዚህ ወጣቶች ማንም ሳይስቅባቸው በእጃቸው የሚሠሩበት አዲስ አገር ማግኘት ነው ብሎ አመነ። መሬቱን ያገኘው፣ የቦስተን ባለሀብቶች መጀመሪያ የኒው ኢንግላንድን ሥራ አጦች ለማስፈር ብለው ካቋቋሙትና እርሱ በኋላ ከመራው ድርጅት ነበር።

መንደሯ ጥቅምት 5 ቀን 1880 በይፋ ተመረቀች። በአቅራቢያዋ ያለው የባቡር ጣቢያ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ስለነበር ሰውም ዕቃም ቀሪውን መንገድ የሚዘልቀው በጋሪ ነበር፤ ያም ሆኖ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነዋሪዎቿ ወደ 400፣ ቤቶቿም ከ60 በላይ ደረሱ። ሰፋሪዎቹ የቴኒስ ሜዳ ደለደሉ፣ ጋዜጣ አሳተሙ፣ የከሰዓቱን ሻይ በሰዓቱ ጠጡ፤ የመጠጥ ሽያጭ ግን በመሥራቹ ውሳኔ ተከልክሎ ነበር። ለእርሻው ይህን ያህል ትጋት አልታየም፤ የቲማቲም ማሸጊያ ፋብሪካ እስከ ማቋቋም ቢደርሱም ፋብሪካውን የሚቀልብ በቂ ቲማቲም ማምረት አልቻሉም። ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በወጣቶቹ ስንፍና ማሳበብ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ የአምባው አፈር ስስ ነበር፣ የመሬቱ የባለቤትነት ሰነድ ከቀደሙት ነዋሪዎች ጋር በክርክር ተይዞ ቆይቷል፤ በ1881 ደግሞ ታባርድ በተባለው የእንግዳ ማረፊያ ጉድጓድ ውኃ ሳቢያ የአንጀት ተስቦ (ታይፎይድ) ገብቶ ሰባት ሰዎችን ገደለ። ማረፊያው ራሱም በ1884 ተቃጠለ። አሥርቱ ዓመት ከማለቁ በፊት አብዛኛው ሰፋሪ ወደ ሌላ ከተማ ወይም ወደ አገሩ ተበትኗል።

የዛሬው ጎብኚ ጉዞውን ከመቀበያው ማእከል ጀምሮ ከአስጎብኚ ጋር የሚያልፍባቸው ቤቶች አብዛኞቹ ከዚህ መበተን የተረፉት ናቸው። ቀዳሚው በ1906 ሲቃጠል በ1907 የተተካው የትምህርት ቤት ሕንጻ የመንደሯን ታሪክ በሥዕልና በዕቃ ያሳያል፤ ሆኖም ጊዜ የሚያንሰው ሰው እርሱን ፈጠን ብሎ አልፎ ሰዓቱን ለቤተ መጻሕፍቱ ቢያቆይ ይሻለዋል። በ1882 በሩን የከፈተው፣ በሂዩዝ ስም የሚጠራው ይህ የእንጨት ቤት 7,000 ያህል መጻሕፍት የያዘ ሲሆን፣ ብዙዎቹ የአሜሪካ አሳታሚዎች ለደራሲው ክብር ሲሉ በስጦታ የላኳቸው ናቸው፤ ከሁሉ የሚያረጀው በ1687 የታተመ ነው። መጀመሪያ መጻሕፍቱን በዝርዝር መዝግቦ ያደራጀው ኤድዋርድ በርትስ የተባለ ጀርመናዊ የሥነ ጽሑፍ ሰው ሲሆን፣ እርሱም እንደ ሌሎቹ ብዙም ሳይቆይ አገሩ ተመልሷል። ለጉብኝቱ ዋጋ የሚሰጠው የመጻሕፍቱ ብዛት አይደለም፤ በሌሎች ከተሞች ያረጀ መጽሐፍ በአዲስ ሲተካ፣ መደርደሪያ ሲቀየርና ሕንጻው ሲስፋፋ፣ እዚህ የሚተካበት ገንዘብም የሚያጣብብ አንባቢም ስላልነበረ፣ በ1880ዎቹ የነበረ እንግሊዝኛ አንባቢ ምን ያነብ እንደነበር የሚያሳየው ስብስብ በነበረበት ቤት ውስጥ ቀርቷል። ከዳቦው በፊት መጽሐፍ ያሰበ ሰፈር፣ ዳቦው ሲያልቅ መጽሐፉ ተረፈው ማለት ነው።

በ1887 የተሠራው የኤጲስቆጶሳውያን ቤተ ክርስቲያን፣ አናጺዎች የአውሮፓን የድንጋይ ካቴድራሎች ሹል ቅስትና ጠበብ ያለ መስኮት በእንጨት እየቀረጹ የሚያስመስሉበት፣ የአናጺ ጎቲክ የሚባለው የአሠራር ስልት ጥሩ ምሳሌ ነው። በውስጡ በ1849 ለንደን የተሠራ ሃርሞኒየም አለ፤ ይህም በእግር በሚረገጥ ወናፍ እየተነፋ ድምፅ የሚሰጥ፣ ከኦርጋን የሚያንስ የሙዚቃ መሣሪያ ሲሆን እስከ ዛሬ በአምልኮ ጊዜ ያገለግላል። ከቤተ ክርስቲያኑ ብዙም ሳይርቅ በ1884 ለሂዩዝ የተሠራው ኪንግስተን ላይል የተባለ ጎጆ መሰል ቤት ይገኛል፤ መሥራቹ ግን በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ብቅ ይል ስለነበር ብዙም አልኖረበትም። ባለቤቱም እዚያ መሄድ አልፈቀደችም። ከቤተሰቡ መንደሯን እውነተኛ ቤቷ ያደረገችው እናቱ ማርጋሬት ሂዩዝ ስትሆን፣ በ1881 ዕድሜዋ ከ80 ካለፈ በኋላ ውቅያኖስ ተሻግራ መጥታ በ1887 እዚያው አርፋለች።

ቤቶቹ ሳይፈርሱ ለጎብኚ የበቁት ግን በአጋጣሚ ብቻ አይደለም። ሰፈሩ ከተበተነ በኋላ የቀሩት ጥቂት ቤተሰቦች ቤተ መጻሕፍቱንና ቤተ ክርስቲያኑን በየተራ ሲጠብቁ ኖረው፣ በ1966 ገና ወጣት በነበረው በብራያን ስታግ አነሣሽነት ቅርሱን የሚያድስ ማኅበር ተቋቋመ፤ መንደሯም በ1972 በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪካዊ ስፍራዎች መዝገብ ሰፈረች።

ቀኑ ሲያዘቀዝቅ አብዛኛው ጎብኚ የሚያመራው ማርጋሬት ሂዩዝ ወደተቀበረችበት ወደ ሎረል ዴል መቃብር ነው። ከመቃብሩ አጠገብ የሚነሣው የእግር መንገድ በጫካው ውስጥ ቁልቁል እየተጠማዘዘ ክሊር ፎርክ ወደሚባለው ወንዝ ይወርዳል፤ በዚያ ውኃው ጠለቅ ብሎ የሚቆምበት ሸለቆ፣ ወጣቶቹ ሰፋሪዎች በበጋ ይዋኙበት ስለነበር፣ ዛሬም የጨዋ ሰዎች መዋኛ ተብሎ ይጠራል። እርሻዎቻቸው ዳዋ ለብሰው ደን ሲሆኑ ይህ መንገድ ግን ሣር አልበቀለበትም።