በመረጃ ቋት ውስጥ የተጠቃሚዎችና የቡድኖች ፈቃድ አያያዝ

1. መግቢያ

የተማሪዎች ውጤት በወረቀት ሮስተር ላይ ብቻ ይመዘገብ በነበረበት ጊዜ ዋነኛው የመዝገቡ ጠባቂ የመዝገብ ቤቱ ቁልፍ ነበር። ቁልፉን የያዘው ሠራተኛ መዝገቡን ማን እንደተመለከተና ማን እንደጻፈበት ያውቃል፤ የተፋቀ ወይም የተደለዘ ቁጥርም በዐይን ይታያል። መዝገቡ ወደ ኮምፒዩተር የመረጃ ቋት ሲዛወር ግን ቁልፉ አብሮ አይዛወርም። 48 የነበረ ውጤት ወደ 84 ቢለወጥ በቋቱ ውስጥ የድልዝ ምልክት አይተውም። ስለዚህ ቁልፉ ይሰጥ የነበረውን ጥበቃ የሚተካው፣ እያንዳንዱ ተጠቃሚ ምን ለማየትና ምን ለመለወጥ እንደሚችል አስቀድሞ የሚወስን የፈቃድ ሥርዓት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ሥርዓት እንዴት እንደሚሠራ፣ በትምህርት ቤት ሥራ ላይ እንዴት ሊውል እንደሚችልና ስሕተት የሚበዛበት የት ላይ እንደሆነ ማብራራት ነው። ማብራሪያው ያለ ክፍያ በሚገኘው ፖስትግረስ በተባለው ሶፍትዌር አሠራር ላይ የተመሠረተ ነው። ይሁን እንጂ መሠረተ ሐሳቡ በሌሎችም የመረጃ ቋት ሶፍትዌሮች ዘንድ በአመዛኙ ተመሳሳይ ነው።

2. የፈቃድ ምንነትና አጀማመር

በቅድሚያ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። የይለፍ ቃል የተጠቃሚውን ማንነት ያረጋግጣል፤ ፈቃድ ደግሞ ማንነቱ የተረጋገጠው ሰው ምን ማድረግ እንደሚችል ይወስናል። የመጀመሪያው በር ላይ የሚጠየቅ መታወቂያ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከበሩ ውስጥ የትኛው ክፍልና የትኛው ሣጥን እንደሚከፈት የሚደነግግ ነው።

ማንኛውም ፈቃድ ሦስት ጥያቄዎችን ይመልሳል፤ እነርሱም ለማን፣ በምን ላይና ምን ለማድረግ የሚሉት ናቸው። በሠንጠረዥ ላይ የሚሰጡት ዋና ዋና ፈቃዶች አራት ናቸው፦ ማንበብ፣ አዲስ ማስገባት፣ ያለውን መለወጥና መሰረዝ። በኤስ ኪው ኤል ቋንቋ ፈቃድ የሚሰጠው ግራንት በሚባለው ትእዛዝ ሲሆን፣ የተሰጠው የሚነሣው ሪቮክ በሚባለው ነው።

የሐሳቡ መነሻ የቆየ ነው። ጄሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጥናት፣ ማንኛውም ተጠቃሚ ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ ፈቃድ ሊኖረው አይገባም የሚለውን መርሕ አብራርተዋል። በተከታዩ ዓመት ደግሞ የአይ ቢ ኤም ተመራማሪዎች የነበሩት ፓትሪሺያ ግሪፊትስና ብራድፎርድ ዌድ፣ ሲስተም አር ለተባለው የሙከራ የመረጃ ቋት ፈቃድ የሚሰጥበትንና የሚነሣበትን ሥርዓት ገለጹ። ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት ሁለቱ ትእዛዞች መሠረታቸው ይኸው ነው።

3. የቡድን አስፈላጊነት

60 መምህራንና 5 ሠንጠረዦች ባሉት ትምህርት ቤት ለእያንዳንዱ መምህር በየሠንጠረዡ ለየብቻ ፈቃድ ቢሰጥ 300 ውሳኔዎች ያስፈልጋሉ። አንድ መምህር ሲዛወር አምስቱን መንቀል፣ አዲስ ሲመጣ አምስቱን መትከል ግድ ይሆናል። ከጊዜ በኋላም ማን ምን እንደተፈቀደለት የሚያውቅ አይኖርም። በአንጻሩ ፈቃዱ «መምህራን» ለተባለ ቡድን ቢሰጥ 5 ውሳኔዎች ይበቃሉ፤ ቀሪው ሥራ መምህሩን በቡድኑ ውስጥ ማስገባት ወይም ከቡድኑ ማስወጣት ብቻ ነው።

ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የኤስ ኪው ኤል ደረጃ ውስጥ «ሮል» ማለትም የሥራ ድርሻ በሚል ስም ተካቷል። ፖስትግረስም እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው 8.1 እትሙ ቀድሞ ተለያይተው የነበሩትን ተጠቃሚና ቡድን በዚሁ በአንድ ጽንሰ ሐሳብ ሥር አዋሐዳቸው። ስያሜው ራሱ ትምህርት ይሰጣል፤ ቡድን መደራጀት ያለበት በሥራ ድርሻ እንጂ በግለሰብ ወይም በማዕረግ አይደለም። ርእሰ መምህሩ የበላይ ስለሆኑ ብቻ ውጤት የመለወጥ ፈቃድ ሊሰጣቸው አይገባም፤ ሥራቸው ማጽደቅና መቆጣጠር እንጂ መመዝገብ አይደለምና።

4. በትምህርት ቤት ሥራ ላይ ሲውል

ለምሳሌ ያህል አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሦስት ሠንጠረዦች አሉት እንበል፦ የተማሪ ማንነት፣ ውጤት፣ እንዲሁም የጤናና የቤተሰብ ሁኔታ። የፈቃድ ክፍፍሉ እንደሚከተለው ሊሆን ይችላል።

የመምህራን ቡድን የማንነትን ሠንጠረዥ ያነባል፤ ውጤት ያስገባል፣ ያስተካክላል፤ ነገር ግን አይሰርዝም። የመዝገብ ቤት ቡድን አዲስ ተማሪ ይመዘግባል፤ የጸደቀ እርማትም ይፈጽማል። የርእሰ መምህሩ ድርሻ ሁሉንም ማንበብ ነው። የጤናና የቤተሰብ ሁኔታ ሠንጠረዥ የሚከፈተው ለተማሪዎች የምክር አገልግሎት ባለሙያና ለርእሰ መምህሩ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ የመምህራን ቡድን በውጤት ሠንጠረዥ ላይ ፈቃድ አለው ማለት፣ የ9ኛ ክፍል የሒሳብ መምህር የ12ኛ ክፍልን የፊዚክስ ውጤት ሊለውጥ ይችላል ማለት ነው። ለዚህ መፍትሔው የረድፍ ፈቃድ ነው። ይህም እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው የፖስትግረስ 9.5 እትም የተጨመረ ሲሆን፣ መምህሩ ለእርሱ የተመደቡትን ክፍሎችና የትምህርት ዓይነት ረድፎች ብቻ እንዲነካ ያደርጋል። የረድፍ ጥበቃው በርቶ ደንቡ ካልተጻፈ፣ ከሠንጠረዡ ባለቤትና ከዋናው አስተዳዳሪ በስተቀር ማንም አንድም ረድፍ አያይም፤ ይህም ከመፍቀድ መከልከልን የሚያስቀድም ጥንቃቄ ነው።

ለወረዳው የትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚያስፈልገው በጾታና በክፍል የተጠቃለለ ቁጥር እንጂ የተማሪ ስም አይደለም። ስለዚህ ድምሩን ብቻ የሚያሳይ ዕይታ ተዘጋጅቶ ለባለሙያው በዚያ ላይ ብቻ የማንበብ ፈቃድ ይሰጣል። ሆኖም በአንድ ክፍል ውስጥ አንዲት ማየት የተሳናት ተማሪ ብቻ ካለች፣ «1» የሚለው ቁጥር ስም ባይጠራም ማንነትን ይገልጣል። ቁጥሩ አነስተኛ የሆነበትን ሣጥን ከሌላው ጋር ማጠቃለል የዕቅድ ባለሙያው ኃላፊነት ነው።

ጊዜም ከፈቃድ ጋር ይያያዛል። የወሰነ ትምህርቱ ውጤት ተጠናቆ ሲጸድቅ የመምህራን ቡድን የመለወጥ ፈቃድ ይነሣል። ከዚያ በኋላ የሚደረግ እርማት በመምህሩ ጽሑፍ ተጠይቆ፣ በርእሰ መምህሩ ጸድቆ፣ በመዝገብ ቤቱ ይፈጸማል። በዚህ አኳኋን አንድ ሰው ብቻውን የተማሪን ዕድል የሚለውጥበት መንገድ ይዘጋል።

5. ስሕተት የሚበዛባቸው ነጥቦች

ሀ. ፈቃድ ተደማሪ ነው። ከአንድ መምህር በስሙ የተሰጠው ፈቃድ ቢነሣም፣ በቡድኑ ወይም «ፐብሊክ» በሚባለው ሁሉን አቀፍ ወገን በኩል ያገኘው ፈቃድ አይነካም። ስለዚህ ማንሣት ብቻ ሳይሆን ፈቃዱ ከየት እንደሚመጣ ማጣራት ያስፈልጋል።

ለ. በሙሉ ሠንጠረዥ ላይ የተሰጠ ፈቃድ ከአንድ ዓምድ ላይ ለይቶ በመንሣት አይቀነስም። ትክክለኛው መንገድ የሠንጠረዡን ፈቃድ አንሥቶ የሚያስፈልጉትን ዓምዶች ብቻ መፍቀድ ነው።

ሐ. «በሁሉም ሠንጠረዦች ላይ» ተብሎ የተሰጠ ፈቃድ የሚያገለግለው በዚያች ሰዓት ላሉት ሠንጠረዦች ነው። በኋላ ለሚፈጠሩት ቀዳሚ የፈቃድ ደንብ ለብቻው መደንገግ አለበት።

መ. ፈቃድ ከማስተላለፍ መብት ጋር ሊሰጥ ይችላል። ተቀባዩ ለሌላ፣ ሌላውም ለሌላ ካስተላለፈ ሰንሰለት ይፈጠራል። ከመነሻው ላይ ለመንሣት ሲፈለግ ፖስትግረስ ተከታዮቹ አብረው እንዲነሡ ካልታዘዘ በስተቀር ትእዛዙን አይፈጽምም። ስለሆነም የማስተላለፍ መብት በጥቂት እጆች ብቻ እንዲወሰን ይገባል።

ሠ. የቋቱ ዋና አስተዳዳሪ ከፈቃድ ምርመራ ውጪ ነው፤ የረድፍ ጥበቃም አያግደውም። የዕለት ተዕለት ሥራን በዚህ ስም ማከናወን ከዚህ በላይ የተዘረዘረውን ጥበቃ ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

6. ከሶፍትዌሩ ውጪ ያለው ኃላፊነት

ከሁሉም የከፋው ጉድለት የሚመጣው ከትእዛዝ ሳይሆን ከልማድ ነው። አንድ ኮምፒዩተር ለብዙ መምህራን በሚያገለግልበት ትምህርት ቤት አንድ የይለፍ ቃል ለሁሉም መስጠት ሥራ የሚያቃልል ይመስላል። ነገር ግን የለውጥ መዝገብ ቢያዝም እንኳ ሁሉም ለውጥ በአንድ ስም ስለሚሰፍር፣ ውጤት በተጓደለ ጊዜ አጥፊው አይታወቅም፤ ያላጠፋውም ከጥርጣሬ ነጻ አይወጣም። ኮምፒዩተሩ የጋራ ሊሆን ይችላል፤ የተጠቃሚ ስም ግን የግል መሆን አለበት። ይህ ደንብ መምህሩንም የሚጠብቅ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

በኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የግለሰብን መረጃ የሚይዝ አካል መረጃውን የመጠበቅ ግዴታ በሕግ ተጥሎበታል። ስለዚህ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የቡድኖቹን ስም፣ የየቡድኑን ፈቃድና የአባላቱን ዝርዝር በጽሑፍ ቢይዝ፣ ዝርዝሩንም በየወሰነ ትምህርቱ ከቋቱ ጋር ቢያመሳክር፣ የተዛወሩ ሠራተኞችን ስም ደግሞ በመሸኛቸው ዕለት ቢዘጋ ተገቢ ነው።

7. ማጠቃለያ

ከላይ እንደተገለጸው የፈቃድ ሥርዓት ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፦ ለሥራ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ መፍቀድ፣ ለግለሰብ ሳይሆን ለሥራ ድርሻ መፍቀድ፣ የተፈቀደውንም በየጊዜው መመርመር። ሶፍትዌሩ ያልተፈቀደለትን ሰው ሊያግድ ይችላል፤ የተፈቀደለት ሰው የጻፈው ቁጥር እውነት መሆኑን ግን አያውቅም። ይህን የሚያውቁት የፈተናውን ወረቀት ያረመው መምህርና ወረቀቱን በእጁ የተቀበለው ተማሪ ናቸው። ስለዚህ የፈተና ወረቀት ለተማሪው መመለሱ፣ ውጤቱም ከመጽደቁ በፊት ለተማሪው መገለጹ፣ የትኛውም የመረጃ ቋት የማይተካው ቁጥጥር ሆኖ መቀጠል ይኖርበታል።