የመንገድ ስንቅና የካሎሪ ቆጠራ

ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ መጀመሪያ ሳነቴ አምባ ላይ ይወጣል። አምባው 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ውርጫማ ሜዳ ሲሆን፣ ከላዩ የሚታየው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ በአስታው መካከል ቁልቁል ይወርድና ሪራ ይገባል። ሪራ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከሐረና ደን ራስጌ ያለች የቀርከሃ፣ የማርና የፈረስ መንደር ናት።

በባሌ ደጋ ሩቅ መንገደኛ ያለ ስንቅ አይወጣም። ገብሱ ተቆልቶ ይፈጫል፤ በንጥር ቅቤ ይታሽና ጭኮ ይሆናል። መጠኑን የሚወስነው መንገዱ ነው፦ ሳነቴን ተሻግሮ ለሚሄድ በርከት ይላል፤ ጎረቤት ጠይቆ ለሚመለስ ግን ማንም ስንቅ አይቋጥርም። ዛሬ በስልክና በስማርት ሰዓት «የእንቅስቃሴ ካሎሪ» ተብሎ የሚቆጠረው ይኸው የስንቅ ሒሳብ ነው። ክብደታቸውን ለመቀነስ የሚበሉትን የሚመዘግቡ ሰዎች ሁሉ አንድ ጥያቄ ይገጥማቸዋል፦ በስፖርት ያቃጠልኩትን መልሼ ልብላው ወይስ ልተወው?

ካሎሪ የጉልበት መለኪያ ነው። አሜሪካዊው ኬሚስት ዊልበር አትወተር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ባደረገው ምርምር መሠረት፣ አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ካርቦሃይድሬት 4፣ አንድ ግራም ስብ ደግሞ 9 ካሎሪ ይሰጣል ተብሎ ይሰላል። አገራችንም የራሷ ሠንጠረዥ አላት፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በስዊድን እርዳታ የአገር ውስጥ ምግቦች ይዘት ተመርምሮ ታትሟል። በዚህ ስሌት 100 ግራም የገብስ ዱቄት 350፣ 30 ግራም ንጥር ቅቤ ደግሞ 270 ካሎሪ ያህል አለው። ሁለቱ ሲታሹ የሚወጣው ጭኮ በ130 ግራም 620 ካሎሪ ይይዛል። ትንሽ ቦታ ይዞ ብዙ ጉልበት መስጠቱ ነው የመንገድ ምግብ ያደረገው።

የወጪው ስሌት ደግሞ እንዲህ ነው። ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ በኪሎ ክብደቱ በሰዓት አንድ ካሎሪ ያህል ያቃጥላል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በእረፍት 70፣ በሜዳ መንገድ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ሲራመድ 245፣ ሲሮጥ 700 ገደማ ያወጣል። ዳገት ወጪውን በጣም ይጨምራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ ቀጥሎ ነው። 245 ብሎ የመዘገበው ተራማጅ፣ ቤቱ ቢቀመጥም የሚያወጣትን 70 አብሮ ቆጥሯል። እርምጃው የጨመረለት 175 ብቻ ነው፤ በጭኮ ሲተመን 37 ግራም፣ ሁለት ጉርሻ ያህል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል የሚይዝ በመሆኑ፣ ያንን በእንዲህ ያለ እርምጃ ብቻ ለመጨረስ 44 ሰዓት መራመድ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ስህተት ድርብ ቆጠራ ነው። ካሎሪ የሚቆጥረው የስልክ መተግበሪያ ሲጀመር «ሥራህ ምን ያህል ያንቀሳቅስሃል?» ብሎ ይጠይቃል። «በጣም» ብሎ የመለሰ ሰው የቀኑ እንቅስቃሴ በዕለት ድርሻው ውስጥ ገብቶለታል። ማታ እርምጃውን እንደገና ሲያስገባ ለአንድ መንገድ ሁለት ስንቅ ቋጠረ ማለት ነው። ከብት ሲያግድ፣ ቀርከሃ ሲሸከም ለሚውል የሪራ ሰው መንገዱ የኑሮው አካል ስለሆነ ለብቻው የሚመዘገብ ነገር የለውም።

ሦስተኛው መሣሪያው ራሱ ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 እ.ኤ.አ. ሰባት የእጅ ሰዓቶችን በ60 ሰዎች ላይ ሲፈትኑ፣ ስድስቱ የልብ ምትን በደንብ ለክተዋል። በካሎሪ ግን ከሁሉ የተሻለው እንኳ በአማካይ 27 በመቶ፣ የባሰው 93 በመቶ ስቷል።

ሰውነትም የራሱ ቁጠባ አለው። በ2012 እ.ኤ.አ. ሰሜን ታንዛኒያ በሚኖሩት የሐድዛ አዳኞችና ለቃሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት አስገራሚ ውጤት አሳይቷል፦ ቀኑን ሙሉ የሚንቀሳቀሱት ሐድዛዎች፣ የሰውነት መጠን ታስቦ ሲነጻጸር፣ የቀን ወጪያቸው ከምዕራባውያን ብዙም አልተለየም። ለእግር የወጣውን ሰውነት ከሌላ ቦታ እንደሚቆጥብ ብዙ ተመራማሪዎች ያስባሉ።

ታዲያ ቆጠራው ከንቱ ነው? አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አሥር ታላላቅ ኢትዮጵያውያን የረጅም ርቀት ሯጮችን ከውድድር በፊት ለሰባት ቀን ተከታትሎ ነበር። በቀን በአማካይ የበሉት 3,200፣ ያወጡት 3,300 ካሎሪ ገደማ ነበር፤ ከምግባቸው 64 በመቶ ያህሉ ካርቦሃይድሬት ነው። ገቢና ወጪያቸው ተቀራርቧል። እንዲህ ለሚደክም ሰው የስፖርቱን ካሎሪ መልሶ መብላት ግዴታ ነው፤ ያለዚያ ጡንቻው ይከሳል፣ ጤናው ይጎዳል። ቀኑን ሸክም ተሸክሞ ለሚውል ገበሬም፣ ነፍሰ ጡር ሆና ውኃ ለምትቀዳ እናትም ቆጠራው የሚነግረን ምግባቸው መጨመር እንዳለበት ነው።

ለተቀማጭ የከተማ ሰው ግን የስንቁ ሥርዓት ይበጃል። የሥራን ድርሻ «ብዙ ጊዜ ተቀምጬ» ብሎ መመዝገብ፤ ከሰዓቱ ቁጥር ላይ የእረፍቱን መቀነስ፤ ከቀረው ግማሹን ብቻ መብላት፤ ረዥም የእግር ጉዞ ወይም ሩጫ ባለበት ቀን ደግሞ ከዚህ ትንሽ መጨመር። እኛ ከአንድ ትሪ የምንበላ፣ የምንጎራረስ ሕዝብ ስለሆንን የራስን ድርሻ መለካት ይከብዳል። ስለዚህ ከመቀመጥ በፊት የሚበሉትን የእንጀራ መጠን መወሰንና በወጡ ውስጥ ያለውን ዘይትና ቅቤ መገመት ይጠቅማል፤ ጉርሻውም ቢሆን ይቆጠራል። ከሁሉ በላይ ዳኛው ሚዛን ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ተመዝኖ መመዝገብ ነው። ከአራት ሳምንት በኋላ ክብደቱ ካልቀነሰ፣ ሰዓቱ ያለው ምንም ይሁን ምን ስንቁ ከመንገዱ በልጧል፤ ከድርሻው ጥቂት ማጉደል ያስፈልጋል። ድካም፣ ማዞርና እንቅልፍ ማጣት ከመጣ ደግሞ አንሷልና መጨመር ይገባል። የስኳር ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡርና በማደግ ላይ ያለ ልጅ ያለ ሐኪም ምክር ከምግባቸው አይቀንሱ።

ሳነቴን የሚሻገር ሰው ጭኮውን የሚቋጥረው ለሚጠብቀው ዳገት ልክ ነው። እርስዎም ዛሬ ማታ ከማዕድ ሲቀርቡ፣ ዛሬ በእግርዎ የሄዱትን መንገድ ያስቡና ለዚያ የሚበቃውን ብቻ ይብሉ።