«ያደግኩበት አገር ነው» ማለት ከወባ አያድንም



ገና እና ጥምቀት ሲቃረቡ ከውጭ አገር በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ ይሄ ነው፦ «ዶክተር፣ ከ12 ዓመት በኋላ ቤተሰብ ልጠይቅ ድሬዳዋ ልሄድ ነው። ለልጆቹ የወባ መድኃኒት ያስፈልጋቸዋል እንዴ? እኔ እንኳን ችግር የለብኝም፣ ያደግኩበት አገር ነው።»

አጭሩ መልስ፦ ለልጆቹም ለእናንተም ያስፈልጋል። ምክንያቱ ሁለት ነው። ትታችሁት የሄዳችሁት አገር ተለውጧል። የሄደው ሰውነታችሁም ተለውጧል። ሁለቱንም በየተራ እንያቸው።

አገሩ ምን ሆነ?

ከዓመታት በኋላ ድሬ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ግንባታውን ነው። ድሮ ሜዳ የነበረው ሰፈር ሆኗል፣ ባቡሩም ከለገሃር ሳይሆን ከከተማው ወጣ ካለው አዲስ ጣቢያ ነው የሚነሳው። ብዙ እንግዳ ልብ የማይለው ግን በየጣሪያው ላይ ያለውን ሮቶ፣ በየግቢው ያለውን በርሜል፣ በየግንባታው ቦታ ለሲሚንቶ ሥራ የተጠራቀመውን ውኃ ነው። ውኃ በየቀኑ ስለማይመጣ ሰው ያጠራቅማል። ምን ያድርግ?

እኛ ያደግነው «ወባ የቆላና የገጠር በሽታ ነው፣ ክረምቱ ሲወጣ ይነሳል፣ በበጋ ይጠፋል» እየተባልን ነው። ያ ትምህርት ለድሮዋ የወባ ትንኝ ልክ ነበር። እሷ የምትራባው ዝናብ ባቆረው ረግረግና ኩሬ ውስጥ ነው። አሁን ግን ሌላ ትንኝ መጥታለች፤ ስሟ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ይባላል። የመጣችው ከደቡብ እስያና ከዓረብ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ሲሆን፣ ጅቡቲ ላይ እ.ኤ.አ. በ2012፣ በእኛ አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር ላይ ተገኘች። ይህቺ ትንኝ ከተማ ትወዳለች። በርሜል፣ ሮቶ፣ ባልዲ፣ የግንባታ ጉድጓድ ይበቃታል። ዝናብ አትጠብቅም።

ውጤቱ በቁጥር ይታያል። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ2012 የተመዘገቡት የወባ ሕሙማን 27 ብቻ ነበሩ፤ በ2020 ከ73,000 በላይ ሆኑ። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 የተነሳው ወረርሽኝ የጀመረው በደረቁ ወቅት ነው። ተመራማሪዎች ሲያጣሩም ይህችኑ ትንኝ አገኙ። እንግዲህ ለገና የሚመጣ ሰው «በጋ ነው» ብሎ ተማምኖ የሚገባው እዚህ መሃል ነው።

ነገሩ የድሬ ብቻ አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት 2024 በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታሟል፣ ከ1,100 በላይ ሰው ሞቷል። በጥቅሉ ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ቦታ ሁሉ ለወባ የተጋለጠ ነው። አዲስ አበባ ከፍታው ይጠብቃታል፤ «ትንሽ ዘና እንበል» ብላችሁ የምትወርዱባቸው ሐዋሳ፣ ላንጋኖ፣ አርባ ምንጭና ባሕር ዳር ግን ከ2,000 ሜትር በታች ናቸው።

ሰውነታችሁስ?

ጋምቤላ፣ መተማ ወይም ሁመራ ያደገ ሰው በልጅነቱ ደጋግሞ ስለሚያመው ሰውነቱ ወባን ይለምደዋል። ይህ ልምድ በሽታው እንዳይዘው አያደርግም፣ ሲይዘው ግን ቶሎ እንዳይከፋበት ያግዘዋል። ችግሩ ልምዱ ዘላቂ አለመሆኑ ነው። እንደ ቋንቋ ነው፤ ካልተናገሩት ይጠፋል። ወባ በሌለበት አገር ጥቂት ዓመት የኖረ ሰው አብዛኛውን ያጣዋል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ደግሞ መጀመሪያውኑ አልነበረውም። ውጭ የተወለዱ ልጆች ጨርሶ የላቸውም። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ አደጋው ለእናትም ለጽንሱም የበለጠ ነው።

አንድ ታካሚዬን አስታውሳለሁ። የድሬ ልጅ ነው፤ ከአሥር ዓመት በላይ አሜሪካ ኖሮ ለበዓል መጣ። ሦስት ሳምንት እናቱ ቤት ቆይቶ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ትኩሳትና ራስ ምታት ጀመረው። «ጉንፋን ነው፣ የአየር ለውጥ ነው» ብሎ ሦስት ቀን ፓራሲታሞል ዋጠ። እኛ ጋ ሲመጣ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ ሲያወራም ይደናበራል። ብለድ ፊልም ሲሠራለት ፋልሲፓረም የሚባለው አደገኛው ወባ ነበር። አስተኝተን አርቴሱኔት በደም ሥር ሰጠነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን ዳነ። የመመለሻ በረራው በማግሥቱ ነበር። ትኩሳቱ እዚያ ቢብስበት፣ ወባ ብዙም የማያይ ሐኪም ፊት ቀርቦ «ጉንፋን ይመስለኛል» ሊል ነበር ማለት ነው።

ሲሻለው ክኒን ለምን እንዳልወሰደ ጠየቅኩት። «አገሬ ገብቼ እንደ ፈረንጅ ክኒን ስውጥ፣ አጎበር ስቀሉልኝ ስል አፈርኩ» አለኝ። ይህን ብዙ ሰው ይሰማዋል። እናት አልጋዋን ለቃ፣ አንሶላ ቀይራ ስትጠብቅ «ትንኝ አለ ወይ?» ማለት ይከብዳል። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦ አጎበሩን ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለእናንተ አልጋ ብቻ ሳይሆን ለእናታችሁም የሚሆን ጨምሩ። ያኔ ስጦታ ይሆናል። ወረርሽኝ ሲመጣ እኮ እሷም ትያዛለች።

ከመሄዳችሁ በፊት

1. ከጉዞው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ። የምትሄዱበትን ከተማ በስም ንገሩት፤ «ኢትዮጵያ» ብቻ ማለት አይበቃም።
2. መከላከያ ክኒን ይታዘዝላችኋል። ማላሮን ከጉዞው ከ1 እስከ 2 ቀን በፊት ተጀምሮ በየቀኑ ይወሰዳል፣ ከአካባቢው ከወጣችሁ በኋላ 7 ቀን ይቀጥላል። ዶክሲሳይክሊን አጀማመሩ ተመሳሳይ ነው፣ ከወጣችሁ በኋላ ግን 4 ሳምንት ይቀጥላል፤ ለነፍሰ ጡርና ለትንንሽ ልጆች አይሰጥም። ድሮ የምታውቁት ክሎሮኩዊን እዚህ ለመከላከያ አይሆንም።
3. ክኒኑን አቋርጦ «ደህና ነኝ» ማለት አይቻልም። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ከተመለሰ በኋላ ያለውን ሲተወው ነው።

እዚያ ስትሆኑ

1. ከመሸ በኋላ ረጅም እጅጌና ሱሪ ልበሱ። በተለይ በሙቀቱ የተነሳ በረንዳ ወይም ግቢ የምትተኙ ከሆነ አጎበሩ እዚያም ይሰቀል።
2. ዲት ያለበት የትንኝ ቅባት ተጠቀሙ።
3. በርሜልና ሮቶ በደንብ ይከደን፣ ባልዲና ጎማ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ ይደፋ። ይህ ለመላው ቤተሰብ ነው።
4. ድሬ ላይ ደንጊም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በተደጋጋሚ ተከስቷል፣ ትንኟም የምትናከሰው በቀን ነው። ስለዚህ ምርመራ እስኪደረግ ለትኩሳት ፓራሲታሞል ብቻ ውሰዱ። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ደንጊ ላይ ደም ሊያፈሱ ይችላሉ።

ትኩሳት ከመጣ

እዚያ እያላችሁም ሆነ ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት ወይም ማስታወክ ከመጣ በዚያው ቀን ተመርመሩ። ክኒን ወስዳችሁም ቢሆን። ውጭ ከሆናችሁ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገራችሁ «ከኢትዮጵያ ነው የመጣሁት፣ ወባ መርምሩኝ» ይሁን።

በፈጣን ምርመራ «ነጻ ነህ» ተብላችሁ ትኩሳቱ ካልለቀቀ አትቀመጡ። በአገራችን ካሉት የወባ ተሕዋስያን አንዳንዶቹ ከተለመዱት ፈጣን መመርመሪያዎች ሊያመልጡ ይችላሉ። ብለድ ፊልም ይሠራላችሁ፣ አስፈላጊ ከሆነም ይደገም።

ፋልሲፓረም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወር ውስጥ ራሱን ይገልጣል። ቫይቫክስ የሚባለው ግን ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ትኩሳት በመጣ ቁጥር ጉዞውን ለሐኪም ንገሩ።

መደናበር፣ የሰውነት መንቀጥቀጥ፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆር ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ለዘንድሮ በዓል አገር ቤት ለመግባት ሻንጣ እያዘጋጀ ያለ ዘመድ ወይም ጓደኛ ካላችሁ ይህን አሁኑኑ ላኩለት። ጥያቄ ያላችሁ ደግሞ የምትሄዱበትን ከተማና የልጆቻችሁን ዕድሜ ጨምራችሁ ጻፉልኝ።

መልካም ጉዞ፣ ጤና ይስጥልን!