የመኪና ማርሚታ

የመኪና ማርሚታ በጭስ ማውጫው መስመር ላይ የሚገጠም፣ ከሞተሩ የሚወጣው የተቃጠለ ጋዝ ወደ አየር ከመለቀቁ በፊት ድምፁን የሚቀንስ ዕቃ ነው። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን በዚያ ቋንቋ የመጀመሪያ ትርጉሙ ድስት ማለት ነው። እንደ ፍሪሲዮንና ካንዴላ ሁሉ በኢትዮጵያ ጋራዦች የጋራ መግባቢያ ሆኖ ቀርቷል። ከቀደምቶቹ የማርሚታ ፓተንቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1897 በአሜሪካ፣ ኢንዲያና ግዛት ለሚልተንና ማርሻል ሪቭስ የተሰጠው ነው።

ማርሚታ ዝጎ ሲበሳ በሌላ ይቀየራል። በዚህ ጊዜ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ጥያቄ ድምፁ ዝቅ ያለ ማርሚታ የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል ወይ የሚል ነው። በትክክል ከተመረጠ የሚቀንሰው ጉልበት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ድምፅን ለማጥፋት የጋዙን መንገድ ማጥበብ ግዴታ አይደለምና።

የድምፁ ምንጭ

የሲሊንደሩ የጭስ ቫልቭ በተከፈተ ቁጥር ግፊት ያለው ጋዝ በድንገት ወደ ቱቦው ይወጣል። ባለ አራት ሲሊንደር፣ ባለ አራት ምት ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ እንዲህ ያደርጋል። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ዙር ሲሽከረከር በሰከንድ 100 ምት ይወጣል ማለት ነው፤ ይህም 100 ኸርዝ ድግግሞሽ ያለው ወፍራም ድምፅ ነው።

በዚህ ቱቦ ውስጥ ሁለት ነገሮች አብረው ይጓዛሉ፤ አንደኛው የሚፈሰው ጋዝ፣ ሁለተኛው የድምፅ ሞገድ ነው። ጥሩ ማርሚታ ሞገዱን ይዞ ጋዙን ያሳልፋል።

ዓይነቶች

ባለ ክፍል ማርሚታ፦ ውስጡ በላሜራ የተከፋፈለ ነው። ሞገዱ ከክፍል ወደ ክፍል ሲነጥር እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ወፍራም ድምፅን በደንብ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ጋዙ ብዙ ጊዜ እንዲታጠፍ ስለሚያደርግ ክፍሎቹ ከጠበቡ ፍሰቱን ያግዳል።

ቀጥ ያለ ማርሚታ፦ በመካከሉ የተበሳሳ ቱቦ ያልፋል፤ ዙሪያው ሙቀት በሚችል የፋይበር ግላስ ወይም የባዝልት ክር ይሞላል። ጋዙ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ቀጭኑን ድምፅ ክሩ ይውጠዋል። ወፍራሙን ድምፅ ግን ብቻውን አይችለውም፤ ክሩም ከጊዜ ብዛት ተቃጥሎና ተጠርጎ ሲያልቅ ጩኸቱ ይጨምራል።

ሬዞናተር፦ ከማርሚታው በፊት የሚገጠምና የተወሰነ ድግግሞሽን ነጥሎ የሚያጠፋ ነው። ጫፉ የተደፈነ የጎን ቱቦ ርዝመቱ ከሞገዱ ሩብ ጋር እኩል ሲሆን ያንን ድምፅ ይሰርዛል። በጋለ ጭስ ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 490 ሜትር ያህል ከተጓዘ፣ 100 ኸርዝ ለማጥፋት 1.2 ሜትር ገደማ ቱቦ ያስፈልጋል።

ጉልበትና የኋላ ግፊት

የኋላ ግፊት ጋዙ እንዳይወጣ የሚገታው ግፊት ነው። ሲበዛ ፒስቶኑ ጭሱን ለመግፋት ጉልበት ያባክናል፤ በሲሊንደሩ የሚቀረው ጭስም ለአዲሱ አየር ቦታ ያሳጣል። «ሞተር የተወሰነ የኋላ ግፊት ይፈልጋል» የሚለው አባባል የተለመደ ስህተት ነው። ሞተሩ የሚፈልገው የጋዙን ፍጥነት ነው። ቱቦው ከመጠን በላይ ሲሰፋ ፍጥነቱ ስለሚወድቅ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሊደክም ይችላል።

ጩኸት የጉልበት ምልክት አይደለም። የማርሚታውን ውስጥ አውጥቶ ባዶ ቱቦ መበየድ ድምፁን ቢያበዛም፣ ለአነስተኛ መኪና የሚጨምረው ጉልበት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

በአዲስ አበባ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የአየሩ ግፊትም በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ከአምስት አንድ እስከ አራት አንድ ያህል ያጣል። ጉልበቱ የሚጠፋው አየር በሚገባበት በኩል ስለሆነ የትኛውም ማርሚታ አይመልሰውም።

በቦሌ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የአትላስ ሠፈር ሆቴሎች፣ ምግብ ቤቶችና መኖሪያ ቤቶች የተቀላቀሉበት ነው። በእንዲህ ያለ ሠፈር ሌሊት የሚያልፍ አንድ ጯሂ መኪና ብዙ ቤት ይቀሰቅሳል። የኢትዮጵያ የአካባቢ ድምፅ መመዘኛ ለመኖሪያ አካባቢ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል፤ ለንግድ አካባቢ ቀን 65፣ ሌሊት 55 ዴሲቤል ነው። የዴሲቤል ልክ በ10 ሲጨምር የድምፁ ኃይል አሥር እጥፍ ይሆናል፤ ለጆሮ ደግሞ እጥፍ ያህል ይሰማል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የድምፅ ደረጃ እንዲወጣ ይደነግጋል።

አመራረጥ

- ስፋት፦ የውስጥ ይዘቱ ከሞተሩ ሲሲ በርካታ እጥፍ የሆነ ትልቅ ማርሚታ መንገዱን ሳያጠብ ድምፅ ይቀንሳል። ትንሽ ሆኖ ዝም የሚል ማርሚታ ብዙውን ጊዜ ጋዙን የሚያንቅ ነው።
- ቱቦ፦ መግቢያና መውጫው ከመኪናው የፋብሪካ ቱቦ ስፋት ጋር መመሳሰል አለበት።
- ቅንብር፦ መካከል ላይ ሬዞናተር፣ ኋላ ላይ ማርሚታ ሲሆኑ ወፍራሙም ቀጭኑም ድምፅ ይቀንሳል። ሬዞናተሩን ማስወጣት በጉዞ ላይ የማያቋርጥ እምምታ ያመጣል።
- ብረት፦ በአጭር ጉዞና በትራፊክ መጨናነቅ ማርሚታው በደንብ ስለማይግል በውስጡ የሚጠራቀመው ውሃ ብረቱን ያዝገዋል። የማይዝግ ብረት ውድ ቢሆንም ይበረክታል።
- ምልክት፦ በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 59 የተፈተኑ ምትክ ማርሚታዎች በክብ ውስጥ የ«ኢ» ፊደልና ቁጥር ይታተምባቸዋል።

ሌላ ማርሚታ ከመግዛት በፊት የቱቦው መገጣጠሚያዎች መታየት አለባቸው፤ የጩኸቱ ምክንያት አንዳንድ ጊዜ ቀዳዳ ብቻ ነውና። ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት ያለ ቀዳዳ አየር እያስገባ ሴንሰሩን ስለሚያሳስት ሞተሩ ነዳጅ ያባክናል። ከመኪናው ወለል ሥር ያለ ቀዳዳ ደግሞ ሽታ የሌለውንና ገዳዩን ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ውስጥ ሊያስገባ ይችላል።

የገጠማው ውጤት የሚረጋገጠው በጆሮ ብቻ አይደለም። የኦክስጅን ሴንሰሩን ነቅሎ በቦታው የግፊት መለኪያ በመግጠም፣ ማርሚታው ከመቀየሩ በፊትና በኋላ በእኩል የሞተር ዙር ግፊቱ ይነበባል። ግፊቱ ሳይጨምር ድምፁ ከቀነሰ ምርጫው ትክክል ነው።