የንግግርና ቋንቋ ሕክምና፦ ቴራፒስት በሌለበት ሥፍራ የጤና ባለሙያው ድርሻ

ከመካነ ሰላም ተነሥቶ በአቃስታ በኩል ደሴ ለመድረስ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከደሴ አዲስ አበባ ለመግባት ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ የንግግርና ቋንቋ ሕክምና በዲግሪ ደረጃ የሚሰጥ ትምህርት የሆነው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ በመስኩ የሠለጠኑት ባለሙያዎች ከሕዝቡ ብዛት አንጻር እጅግ ጥቂት ናቸው፤ የሚገኙትም በአብዛኛው በመዲናይቱ ነው። በመሆኑም ከቦረና፣ ከወግዲ፣ ከከላላ ወይም ከሳይንት “ልጄ አልናገር አለ” ብሎ የሚመጣ ወላጅ ፊት ለፊት የሚያገኘው ነርስ፣ ጤና መኮንን ወይም ጠቅላላ ሐኪም ነው። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ጉዞን ይበልጥ አስቸጋሪ ስላደረገው፣ የሪፈር ወረቀት ጽፎ መስጠት ብቻውን እንደ ሕክምና ሊቆጠር አይችልም።

በዚህ የሕክምና ዘርፍ ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማየት ይገባል። ቋንቋ ቃላትን መረዳትና ሐሳብን በቃላት ማደራጀት ነው። ንግግር ደግሞ ያንኑ ሐሳብ በሳንባ፣ በማንቁርት፣ በላንቃ፣ በምላስና በከንፈር አማካይነት ወደ ድምፅ መለወጥ ነው። ሦስተኛው መዋጥ ሲሆን፣ ብዙዎች ከንግግር ጋር አያይዘው ባያስቡትም የሚሠሩት ጡንቻዎች በአመዛኙ እነዚያው ናቸው። አንድ ሕፃን የሚባለውን ሁሉ እየተረዳ ድምፁን ማስተካከል ካቃተው ችግሩ የንግግር ነው፤ ጥርት ያለ ድምፅ እያለው የሚባለውን ካልተረዳ ግን ችግሩ የቋንቋ ወይም የመስማት ነው። የሚወሰደው እርምጃም ይለያያል።

በልጆች ላይ

ጤነኛ ሕፃን ከስድስት ወር ጀምሮ “ባባባ”፣ “ማማማ” እያለ ይንተባተባል፤ በአንድ ዓመት አካባቢ የመጀመሪያዋን ቃል ይናገራል፤ በሁለት ዓመቱ “ውኃ ስጪኝ” የሚል ዓይነት ሁለት ቃላትን ያያይዛል፤ በሦስት ዓመቱ ባዕድ ሰው እንኳ አብዛኛውን ንግግሩን ይረዳል። ከዚህ በግልጽ የዘገየ ልጅ ሲመጣ ቤተሰቡ ብዙውን ጊዜ “አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረ” ይላል። አንዳንዴ እውነት ነው፤ ሆኖም ይህ መልስ የመስማት ምርመራን የሚተካ አይደለም። ንግግሩ ለዘገየ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ “ይሰማል ወይ?” የሚለው ነው።

የመስሚያ መሣሪያ በሌለበት እንኳ ጥቂት ነገር ማወቅ ይቻላል። ልጁ በእናቱ ጭን ላይ ተቀምጦ በአንድ ነገር ሲጫወት፣ ሌላ ሰው ከኋላው ከአንድ ሜትር ያህል ርቀት ጥላው ሳይታየውና ወለሉን ሳይረግጥበት በዝቅተኛ ድምፅ ይጠራዋል። በሩን በኃይል ገጭ ማድረግ ግን ምርመራ አይሆንም፤ መስማት የተሳነው ልጅ የወለሉን ንዝረት በእግሩ ይሰማልና። እናት “ይሰማኛል” ስትል መቼ እንደሚሰማት መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ፊቷን ሲያይ ብቻ ከሆነ የሚከተለው ከንፈሯንና እጇን ሊሆን ይችላል። ይህ ምርመራ መኖሩን ያመለክታል እንጂ ችግር አለመኖሩን አያረጋግጥም፤ ጥርጣሬ ካለ በመሣሪያ መመርመር ግድ ነው።

የመስማት ችግር መንሥኤዎች በየጤና ጣቢያው የሚታወቁ ናቸው፦ ማጅራት ገትር፣ ኩፍኝ፣ የከፋ የአራስ ቢጫ በሽታ፣ ከመጠን ያለፈ ወይም የተራዘመ ጄንታማይሲን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለወራት የሚመግል ጆሮ። ለሚመግል ጆሮ ቅቤ ወይም የቅጠል ጭማቂ ማንጠብጠብ በገጠሩ ዘንድ የተለመደ ነው። እናቲቱን ከመገሠጽ ይልቅ በንጹሕ ጨርቅ ጫፍ ጆሮውን እንዴት እንደምታደርቅ እጇን ይዞ ማሳየት ይሻላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 የኒሞኮክ ክትባትን በመደበኛ ክትባት ውስጥ ማስገባቷ የማጅራት ገትርን አደጋ ስለሚቀንስ ጆሮንም፣ በጆሮ በኩል አንደበትንም ይጠብቃል።

የማይሰማ መሆኑ ለተረጋገጠ ልጅ ቤተሰቡ በምልክት ቋንቋ እንዲያናግረው ማበረታታት ያስፈልጋል። ምልክት ንግግርን ያስቀራል የሚለው ሥጋት መሠረት የለውም፤ ጉዳት የሚያደርሰው ልጁ በማንኛውም ቋንቋ ሳይነጋገር የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ማሳለፉ ነው።

ሌላው ጎጂ ልማድ ምላጭ ነው። ንግግር ሲዘገይ “ምላሱ ታስሯል” ተብሎ የምላስ ሥር ይቆረጣል፤ ለጉሮሮ ሕመም ደግሞ እንጥል ይቆረጣል። የምላስ ሥር አጥሮ መያዝ በእርግጥ አለ፤ ቢበዛ ግን እንደ “ል”፣ “ር” ያሉ ጥቂት ድምፆችን ያበላሻል እንጂ ልጅ ቃላት እንዳይረዳ ወይም ጨርሶ እንዳይናገር አያደርግም። እንጥልም በመቆረጡ ንግግር የፈታ ልጅ የለም፤ በአንጻሩ ደም መፍሰስና መመረዝ ያስከትላል። ከቁስሉ ባልተናነሰ የሚያስቆጨው ደግሞ ቤተሰቡ “ታከመልን” ብሎ ዓመት ሁለት ዓመት መጠበቁና የመስማት ምርመራው በዚያው መቅረቱ ነው።

የተሰነጠቀ ላንቃ ያለው ልጅ ድምፁ በአፍንጫ ይወጣል። ከንፈሩ ደኅና ሆኖ ላንቃው ብቻ የተሰነጠቀ ልጅ ሳይታወቅ ሊያድግ ስለሚችል የእያንዳንዱን አራስ አፍ በመብራት እስከ ጉሮሮ ድረስ ማየት ተገቢ ነው። ለትልቅ ልጅ ቀላል መመርመሪያ አለ፤ ቀዝቃዛ መስተዋት ከአፍንጫው ሥር ተይዞ “አባባ ዳቦ በላ” እንዲል ይደረጋል። በዚህ ዐረፍተ ነገር “ም”፣ “ን” እና “ኝ” ስለሌሉ መስተዋቱ መደብዘዝ የለበትም። ከውጭ የመጡ መመርመሪያዎችን ተርጉሞ መጠቀም እዚህ ላይ አይሠራም፤ አማርኛ “ጠ”፣ “ጨ”፣ “ቀ” የመሳሰሉ፣ እንግሊዝኛ የሌሉትና በአፍ ውስጥ የአየር ግፊት የሚሹ ድምፆች አሉትና። የላንቃ ቀዶ ሕክምና የሚመረጠው ልጁ ንግግር ሳያዳብር፣ በአንድ ዓመት ወይም በአንድ ዓመት ተኩል ዕድሜ አካባቢ ነው። አዲስ አበባ የሚገኘው የካቲት 12 ሆስፒታል ቀዶ ሕክምናውን ከንግግር ሕክምና ጋር አጣምሮ የሚሰጥ በመሆኑ፣ እንዲህ ያለው ልጅ ጉዞው ቢከብድም ወደዚያ መላክ አለበት።

መንተባተብ በአብዛኛው ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። ከመቶ ልጆች አምስት ያህሉ በአንድ ወቅት ይንተባተባሉ፤ አብዛኞቹም ይተዉታል። በቄስ ትምህርት ቤትና በመድረሳ አንድ ነገር ተደጋግሞ ይታያል፦ ከጓደኞቹ ጋር በኅብረት ሲያዜም ወይም ሲቀራ አንደበቱ የሚቀና ልጅ ለብቻው ሲጠየቅ ይያዛል። መምህሩ ስንፍና ወይም እልኸኝነት ይመስለዋል። በኅብረት ሲሉት መንተባተብ መጥፋቱ ግን የታወቀ የችግሩ ጠባይ ነው፤ ዱላም ያብሰዋል። ለወላጅም ለመምህርም ምክሩ አጭር ነው፤ ልጁን አለማቋረጥ፣ ቃሉን ነጥቆ አለመጨረስ፣ “ተብታባ” ብሎ አለመጥራት፣ ራስ ዝግ ብሎ መናገር። ከአንድ ዓመት በላይ ከቀጠለ ወይም ልጁ መናገር መፍራት ከጀመረ የባለሙያ እርዳታ ይሻል።

ሳይናገር የቀረ፣ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በጣቱ ጠቁሞ የማያሳይ ልጅ የሚሰማ ከሆነ ኦቲዝም ሊታሰብ ይገባል። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል በአዲስ አበባ ለብዙ ቤተሰቦች በር ከፍቷል፤ በወሎ ደጋ ግን እነዚህ ልጆች ዛሬም በአብዛኛው ከቤት አይወጡም።

በአዋቂዎች ላይ

በድንገት ግማሽ አካሉ የሰነፈ ሰው በቃሬዛ ሲመጣ ቤተሰቡ ቀድሞ የሚያደርገው ውኃ ማጠጣት ነው። ከአንደበቱም በፊት ሕይወቱን የሚያሰጋው ይኸው ነው። መዋጥ ያቃተው ሕመምተኛ ከሁሉም የሚያንቀው ቀጭን ፈሳሽ ነው፤ ወደ ሳንባ የገባው ውኃ የሳንባ ምች ያመጣል። ስለዚህ ሕመምተኛው ነቅቶ ቀጥ ብሎ ሳይቀመጥ ምንም አይሰጠው። ከዚያም በትንሽ ማንኪያ ጥቂት ውኃ ተሰጥቶ ሳል፣ የትንፋሽ መቆራረጥ ወይም የረጠበ ድምፅ መኖሩ ይታያል። አንዱ ከታየ በአፍ መስጠት ቆሞ በአፍንጫ ቱቦ ይመገባል። ሳይስሉ ወደ ሳንባ የሚያስገቡ ሕሙማንም ስላሉ ፈተናውን ያለፈውንም ትኩሳቱንና ትንፋሹን መከታተል ያሻል። ፈሳሽ እያነቀው ወፈር ያለ አጥሚት የሚቀናው ሕመምተኛ ብዙ ነው፤ ይህም ተቀምጦ፣ አገጩን ዝቅ አድርጎ፣ አንዱን ማንኪያ ሳይውጥ ሌላው ሳይሰጠው መሆን አለበት።

ስትሮክ ከያዛቸው ሰዎች ሲሦ ያህሉ አፋዚያ ይኖራቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1861 ፈረንሳዊው ሐኪም ብሮካ የገለጸው ዓይነት ሕመምተኛ የሚለውን እያወቀ ቃሉ አልወጣለት ይላል። ሌላው ዓይነት ግን ይበልጥ ያሳስታል፤ ሰውዬው ሳይደናቀፍ ይናገራል፣ ንግግሩ ግን ትርጉም የለውም፤ የሚባለውንም አይረዳም። ይህን ሕመምተኛ ቤተሰቡ አበደ ወይም ጂን ያዘው ሊለው ይችላል፤ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ታዞለት ከሆስፒታል ሊወጣም ይችላል። በድንገት የጀመረ “እብደት” በዕድሜ በገፋ ወይም የደም ግፊት ባለበት ሰው ላይ ሲታይ ስትሮክ መሆኑን መጠርጠር ያስፈልጋል።

ማንበብና መጻፍ የማይችል አረጋዊን ለመመርመር የሥዕል መጽሐፍ አያስፈልግም። ስኒ፣ ማጭድና ጋቢ ፊቱ አስቀምጦ በእጅም በዓይንም ሳይጠቁሙ “ማጭዱን ያሳዩኝ” ማለት መረዳቱን ይመረምራል፤ አንዱን አንሥቶ “ይህ ምን ይባላል?” ማለት ደግሞ ስም ማውጣቱን። “ውኃ” ለማለት የተሳናቸው እናት “በስመ አብ” ብለው እስከ መጨረሻው ሲደግሙ፣ ወይም “ቢስሚላህ” ያሉ አባት ፋቲሃን ሲያዘልቁ መስማት የተለመደ ነው። ቤተሰብ “መናገር ይችላሉ፣ አውቀው ነው” ብሎ ይቀየማል። በልማድ የተያዘ ንግግር፣ ቁጥርና ዜማም ጭምር፣ ሐሳብ አቀናብሮ ከመናገር በተለየ መንገድ ስለሚመጣ ነው ያልተጎዳው። ለልምምዱም መነሻ ይሆናል፤ ዘመድ የታወቀውን ጸሎት አብሮ ጀምሮ የመጨረሻውን ቃል ለሕመምተኛው ይተውለታል፤ ቀስ በቀስም በሰላምታና በቤት ዕቃዎች ስም ይተካዋል። በቀን ጥቂት ደቂቃ ደጋግሞ መለማመድ፣ አንድ ሰው ብቻ በአንድ ጊዜ ማናገር፣ አዎን ወይም አይደለም የሚያሰኝ ጥያቄ መጠየቅ ከቤተሰቡ አቅም በላይ አይደለም። ፈጣኑ መሻሻል በመጀመሪያዎቹ ወራት ቢሆንም ከዚያ በኋላም ይቀጥላልና “ያለቀለት ነው” የሚል ቃል ከሐኪም አፍ መውጣት የለበትም።

ሕመምተኛው ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ ወረቀቱ ላይ “የንግግር ችግር” ብቻ መጻፍ ተቀባዩን አይረዳም። ይሰማ እንደሆነ፣ የሚባለውን ይረዳ እንደሆነ፣ ስንት ቃል እንደሚናገር፣ ምን እንደሚያንቀው፣ ችግሩ መቼና እንዴት እንደ ጀመረ፣ በቤት የሚነገረውም ቋንቋ ምን እንደሆነ በአምስት መስመር ይጻፋል።