ኢራቅ ኩዌትን «19ኛ ክፍለ ሀገሬ» ያለች ጊዜ

ሐምሌ 26 ቀን 1982 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል የኢራቅ ታንኮች ድንበር ጥሰው ኩዌት ገቡ። አሚሩ ሼህ ጃቢር ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ አመለጡ፤ ወንድማቸው ሼህ ፋህድ ዳስማን ቤተ መንግሥት ላይ ተገደሉ።

የኢራቁ መሪ ሳዳም ሁሴን ከኢራን ጋር ስምንት ዓመት ተዋግተው ከባድ ዕዳ ተሸክመው ነበር። ካበደሯቸው አንዷ ኩዌት ናት። ዕዳው ይሰረዝልኝ ቢሉ አልሆነላቸውም። «ኩዌት ከኮታዋ በላይ ነዳጅ እያወጣች ዋጋ ትሰብራለች፣ ከሩማይላ የነዳጅ ማውጫም ትሰርቀናለች» ሲሉ ከሰሱ። «ድሮም የኢራቋ ባስራ አካል ነበረች» የሚለው የቆየ ክርክርም ተጨመረበት። ይህ ሰበብ ግን ውሃ አይቋጥርም፤ ኢራቅ ራሷ በ1956 ዓ.ም. የኩዌትን ነጻነት ፈርማ ተቀብላለች። ዕዳን ከመክፈል አበዳሪን ከነቤቱ መውረስ ቀለላቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መጀመሪያ አሻንጉሊት መንግሥት አቋቋሙ። ሳምንት ሳይሞላው እሱም ቀረና ኩዌት ከኢራቅ ተቀላቀለች ተባለ፤ ነሐሴ ሳያልቅ 19ኛዋ ክፍለ ሀገር ሆነች። ዲናሯ ተሻረ፣ ዋና ከተማዋ ሳይቀር «ካዚማ» የሚል ስም ወጣላት። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ግን በውሳኔ ቁጥር 662 ውህደቱ ዋጋ ቢስ ነው ብሎ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። በእኔ እምነት ኩዌትን ከካርታ ከመጥፋት ያዳናት ከጦሩ በፊት ይህ ውሳኔ ነው።

ምክር ቤቱ የጣለው ማዕቀብ ግን ኢራቅን አላስወጣም። ኅዳር 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ኃይል መጠቀምን ፈቀደ፤ 12 አገሮች ደገፉ፣ ኩባና የመን ተቃወሙ፣ ቻይና ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። ከደጋፊዎቹ አንዷ በወቅቱ ተለዋጭ አባል የነበረችው ኢትዮጵያ ናት። ድምፁን የሰጠው የደርግ መንግሥት ራሱ ለመውደቅ የቀረው ስድስት ወር ነበር።

በአሜሪካ የተመራው ጥምር ጦር ጥር 9 የአየር ድብደባ ጀመረ። የምድር ውጊያው 100 ሰዓት ብቻ ፈጀ፤ ኩዌት የካቲት 19 ቀን ነጻ ወጣች። ሲሸሹ ኢራቃውያኑ ከ600 በላይ የነዳጅ ጉድጓዶች አቃጠሉ፤ የመጨረሻው የጠፋው በጥቅምት 1984 ነው። ነጻነቱ ለሁሉም እኩል አልደረሰም፤ መሪዎቻቸው ለሳዳም አዳልተዋል ተብሎ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ፍልስጤማውያን ነዋሪዎች ኩዌትን ለቀው ወጥተዋል።

ኢራቅ የኩዌትን ሉዓላዊነትና ድንበር በ1987 ዓ.ም. ተቀበለች። ከነዳጅ ገቢዋ እየተቀነሰ የተከፈለው 52.4 ቢሊዮን ዶላር ካሳ ተከፍሎ ያለቀው በ2014 ዓ.ም. ነው።